ድጋፉ ሲነሳ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ዓመትና አንድ ትምህርት ቤት

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት መግለጫ ሲሰጡ እኛ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ አንድ ስልክ ከበን እንሰማ ነበር። የሒሳብ መምህራችን በደንብ ያልሰማ መስሎት «ሠላሳ ሦስት ነው ያሉት?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት ነጥብ ሦስት በመቶ ነበር ያሉት። ውጤታቸው ከተገለጸ 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው። ተማሪ ካስፈተኑ 2,959 ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

እኔ ፊዚክስ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከ1,161ዱ አንዱ ነው። ስሙን አልጠቅስም። ከአምስት ትምህርት ቤቶች ሁለቱ እንደኛው ስለሆኑ የእኛን ታሪክ የሚያነብ መምህር የራሱን ሊያገኝበት ይችላል። ስለ ፈተናው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሚኒስቴሩ፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ትውልዱ። እኔ ማንሳት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የጠበቀ ፈተና ድንገት ሲመጣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ የት እንደሚሳሳትና ከየት መጀመር እንዳለበት።

ምን ነበር የተለወጠው?

ወላጆች እስካሁን «ማትሪክ» የሚሉት ፈተና ለብዙ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር። ልጁ በለመደው ክፍል፣ በሚያውቀው ግቢ ተቀምጦ ይፈተናል። ፈታኞቹ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች የሚመጡ መምህራን ናቸው፤ የወረዳውም የቀበሌውም ሰው ውጤቱን በጉጉት ይጠብቃል። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ መላው ፈተና ተሰርዞ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና የተሰጠበትን ጊዜ የማያስታውስ መምህር የለም። ከዚያ በኋላም ቢሆን የፈተና ሰሞን ስልክ የማይገባበት ክፍል ማግኘት እየከበደ ሄዶ ነበር። አጤሬራ በሸሚዝ እጅጌ የሚደበቅበት ዘመን አልፎ መልሱ በቴሌግራም የሚላክበት ዘመን መጣ።

ይባስ ብሎ ኩረጃው የልጆቹ ብቻ አልነበረም። «ልጆቻችን ከሌላው አካባቢ ልጆች ለምን ያንሳሉ?» የሚል ግፊት ከላይም ከታችም ነበር። ጠንክሮ የሚፈትን መምህር እንደ ጨካኝ ይታያል፤ ዝም ያለው አዛኝ ይባላል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። እኔም ዝም ብዬ የቆምኩባቸው ክፍሎች አሉ።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተና ወደ 2015 መጀመሪያ ተገፍቶ በሁለት ዙር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። መጀመሪያ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቀጥሎ ተፈጥሮ ሳይንስ። ተማሪዎቹ በአውቶቡስ ተጭነው ሄዱ፤ በዶርም አደሩ፤ በዩኒቨርሲቲው ካፌ ተመገቡ። ስልክ አይገባም። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ፌዴራል ፖሊስ ይጠብቃል፤ የሚፈትኑት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። የእኛ ልጆች ብርድ ልብሳቸውን በማዳበሪያ ቋጥረው ሲሳፈሩ አይቻቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከቤት ውጭ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነበር። አንዷ ወላጅ ለልጇ ዳቦ በፌስታል አቀብላ «እንግዲህ ብቻህን ነህ» አለችው። ስለ መንገዱ ነበር የተናገረችው፤ ለእኔ ግን ቃሉ ከዚያ በላይ ሆኖ ቀረብኝ።

ሽግግሩ በሰላም ብቻ አላለፈም። በአማራ ክልል በሚገኙ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው ወጥተዋል። በጠቅላላው 20,170 ተፈታኞች ከሥነ ሥርዓት ጥሰት ጋር በተያያዘ ተመዝግበዋል። የትግራይ ተማሪዎች በጦርነቱ ምክንያት ከናካቴው በዚያ ፈተና አልነበሩም።

ሁለተኛው ለውጥ የማለፊያ መስመሩ ነው። ቀድሞ የመግቢያ ነጥቡ የሚቆረጠው ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት የተማሪ ብዛት ልክ ነበር። ቦታ ካለ ነጥቡ ይወርዳል፣ ከሌለ ይወጣል። ልጁ የሚለካው ከጓደኞቹ ጋር ነው እንጂ ከትምህርቱ ጋር አይደለም። አሁን ግን ከድምሩ ግማሹን ያላመጣ በቀጥታ አይገባም ተባለ።

ያልተለወጠውም መታወቅ አለበት። መጽሐፉ ያው፣ የትምህርት ዓይነቶቹ ያው፣ የፈተናው ቋንቋ ያው እንግሊዝኛ፣ የጥያቄው ዓይነት ያው ምርጫ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን በየሻይ ቤቱ የተባለውን፣ ማለትም «ፈተናው ከበደ» የሚለውን፣ እኔ አልቀበለውም። የጥያቄ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ከዚያ በፊት ከነበሩት የተለየ ነገር አላየሁበትም። የተነሳው ድጋፉ ነው።

ማንም ያላያቸው ሁለት ዓመታት

የ2014ቱን ተፈታኞች ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ 2012 ነው። በዚያ ዓመት እነዚህ ልጆች 10ኛ ክፍል ነበሩ። በአዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ መሠረት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቀረ። መጋቢት ላይ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት የማካካሻ ትምህርት ተሰጥቷቸው ወደ 11ኛ ተሻገሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ ከትምህርት ቤታቸው ውጭ የሆነ ሰው ያላያቸው የመጀመሪያዎቹ ልጆች እነዚህ ናቸው። የ10ኛ ክፍል ፈተና ብዙ ጉድለት ነበረው፤ በ16 ዓመቱ ልጁን «በቃህ» ብሎ የሚመልስ ፈተና ስለነበር መቅረቱን እኔም ደግፌያለሁ። ነገር ግን መሰናክል ብቻ አልነበረም፤ መስታወትም ነበር። ልጁ ያለበትን ደረጃ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያይበታል። እኛ መስታወቱን አነሳን፣ በቦታው ምንም አላስቀመጥንም። ከሁለት ዓመት በኋላ የጠበቀው ፈተና በእነዚያው ልጆች ላይ አረፈ።

የትምህርት ቤቱ የራሱ ምዘናስ? መልሱ እዚህ ጋ ነው የሚያመው። በተከታታይ ምዘና ስም ለደብተር፣ ለተሳትፎ፣ ለቡድን ሥራ የምንሰጠው ማርክ ተደማምሮ ማንም የማይወድቅበት ሆኖ ነበር። ሚድ የሚወጣው ከሰጠነው ኖት ነው፤ ፋይናሉ ከሚዱ ይደገማል። ያነሰው ልጅ ተጨማሪ አሳይንመንት ተሰጥቶት ይሞላለታል። የአንድ ክፍል አንደኛ የነበረች ልጅ ትራንስክሪፕቷ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ዘጠና ምናምን ብቻ ነው። ውጤቷን በቴሌግራም ቦት አይታ ስልኩን ሰጠችኝ። ከግማሽ በታች ነበር፤ ያውም በብዙ። «ቲቸር፣ የኔ ውጤት አይደለም አይደል? ተቀይሮ ነው አይደል?» አለችኝ። አልተቀየረም። የተሳሳተው ያ ትራንስክሪፕት ነው፤ ከፈረሙበት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

50 በመቶ ምን ማለት ነው?

በወቅቱ ብዙ ሰው ያላሰበው አንድ ስሌት አለ። ጥያቄዎቹ አራት ምርጫ አላቸው። ምንም ሳያነብ በጭፍን የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ ከአራት አንዱን ስለሚያገኝ 25 በመቶ አካባቢ ያመጣል። ከጥያቄዎቹ ሲሶውን በትክክል የሚያውቅ፣ የቀረውን ሁለት ሦስተኛ በግምት የሚሞላ ልጅ ደግሞ 33 አካባቢ በእውቀቱ፣ 17 አካባቢ በዕድሉ ያገኝና 50 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ 50 በመቶ «የትምህርቱን ግማሽ ማወቅ» አይደለም። ሲሶውን ማወቅ ነው።

ይህን ስሌት ለባልደረቦቼ በሰሌዳ ላይ ስሠራላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ «መስመሩ በዛ» የሚለው ክርክር ያጸናናን ነበር። ከአራት ዓመት ትምህርት ሲሶውን የሚያውቅ አንድ ልጅ እንኳ ከግቢያችን አለመውጣቱን ካየን በኋላ ግን ያንን ክርክር ያነሳው አልነበረም።

በሁለቱ ዘርፎች መካከል ያለውም ልዩነት ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። በተፈጥሮ ሳይንስ ከ339,642 ተፈታኞች 22,936 ሲያልፉ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ከ556,878 ያለፉት 6,973 ብቻ ነበሩ። በመቶኛ 6.8 እና 1.3 መሆኑ ነው። ታሪክና ጂኦግራፊ ከፊዚክስ ስለሚከብዱ አይደለም። በብዙ ትምህርት ቤት ስትሪም ሲመረጥ በሒሳብ የደከመውን ልጅ «አንተ ሶሻል ግባ» እንለዋለን። ሶሻልን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገን ሳይሆን የተረፈውን ልጅ ማስቀመጫ አድርገን ቆይተናል። ሶሻል ሒሳብም እንግሊዝኛም አፕቲትዩድም እንዳለው ረስተን።

ሁለቱ ሳጥኖች

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁለት ጥያቄ ሰጠሁ። አንደኛው እኔ ሁልጊዜ የማወጣው ዓይነት ነው፦ መጠነ ቁሱ 5 ኪሎ ግራም የሆነ ዕቃ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አክስለሬት ቢያደርግ ያረፈበት ኃይል ስንት ነው? ሁሉም ማለት ይቻላል 10 ኒውተን ብለው መለሱ።

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ ሰበቃ በሌለው ወለል ላይ 2 ኪሎና 3 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሳጥኖች ተነካክተው ተቀምጠዋል። ባለ 2 ኪሎውን ከኋላው በ10 ኒውተን ብንገፋ፣ ባለ 2 ኪሎው ሳጥን ባለ 3 ኪሎውን የሚገፋበት ኃይል ስንት ነው? ምርጫዎቹ 10፣ 5፣ 4 እና 6 ናቸው።

ሕጉ አንድ ነው፤ ቁጥሮቹም አንድ ናቸው። ሁለቱ ሳጥኖች አብረው 5 ኪሎ ስለሆኑ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሄዳሉ፤ ባለ 3 ኪሎውን በዚያ ልክ ለማስኬድ 6 ኒውተን ይበቃል። ከክፍሉ ግማሽ በላይ የመረጠው ግን 10ን ነው። «ኃይሉ ዝም ብሎ ያልፋል» ብለው ነው። ሌሎቹ 5 አሉ፤ ለሁለት እኩል አካፍለው ነው። 4 ያሉት ጥቂቶች በትክክል አስበው በተሳሳተው ሳጥን ላይ የቆሙ ናቸው። እነሱ አንድ እርምጃ ነው የቀራቸው።

ያ ወረቀት ሥራዬን ለወጠው። አንድ የተሳሳተ መልስ ሁሉ እኩል ዜሮ ነው ብዬ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ ለካ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ልጁ የት እንደቆመ ይነግረኛል። በደንብ የተሠራ የምርጫ ጥያቄ ኃይሉ እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ለዓመታት «ኤፍ እኩል ይሆናል ኤምኤ» የሚለውን ቀመር እያስደገምኩ ልጆቼ ኒውተንን የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። ቀመሩን ያውቁታል። ሳጥኑን አያዩትም።

ትምህርት ቤቱ ያደረገውና ያልተሳካለት

በመጀመሪያ ያደረግነው ስህተት ነበር። ያለፉ ዓመታትን የፈተና ወረቀቶች ሰብስበን ወርክሺት አዘጋጀንና 12ኛ ክፍልን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማሠራት ጀመርን። ልጆቹ ከሁለት ወር በኋላ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልሱን ይጠሩ ነበር። አንዱን ተማሪ «ለምን ሲ ሆነ?» ብዬ ስጠይቀው «ቲቸር፣ የ2011 ጥያቄ ስለሆነ» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር። የ2015ቱ ፈተና ሐምሌ ላይ ሲሰጥ ከእኛ ትምህርት ቤት በድጋሚ ማንም አላለፈም።

በአገር ደረጃም በዚያ ዓመት ብዙ ለውጥ አልነበረም። ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ።

ከሁለተኛው ዜሮ በኋላ የተሰበሰብንበት ስብሰባ ረጅም ነበር፤ አንዳንዱ ንግግር አሁንም ይከብደኛል። ጭብጡ ግን አንድ ነው። ርዕሰ መምህራችን 12ኛ ክፍልን ለማዳን የሚደረገውን ሁሉ ዘርዝረው ሲጨርሱ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የባዮሎጂ መምህር ተነሥተው «ጋሼ፣ 12ኛ ክፍል የሚታረመው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። እኛ እውነቱን የምንነግረው ልጁ ሊሞት ሲል ነው» አሉ። ርዕሰ መምህሩ በዕድሜ ያንሷቸዋል፤ «ጋሼ» ያሏቸው በአክብሮት ነው፤ ቃሉ ግን እንደ ተግሣጽ ነበር የተሰማው።

በ2016 መጀመሪያ ላይ 9ኛ ክፍልን ይዘን ጀመርን። የተደረገው ነገር ቀላል ነው፤ አብሮት መኖሩ ነው የከበደው። የክፍሉ አስተማሪ የራሱን ፋይናል አያወጣም፤ ዲፓርትመንቱ በጋራ ያወጣል። ሴክሽኖቹ ይቀላቀላሉ፤ የሚፈትነው ሌላ መምህር ነው። የሚያርመው ስም የሌለው፣ ኮድ ብቻ ያለው ወረቀት ነው። ለተሳትፎና ለደብተር የሚሰጠው ማርክ እጅግ ዝቅ ይላል። በአጭሩ፣ አገሪቱ በ12ኛ ላይ ያደረገችውን እኛ በ9ኛ ላይ አደረግነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ የእኛ ልጆች ለመታረም ሦስት ዓመት ከፊታቸው አላቸው።

የመጀመሪያው የጋራ ፋይናል ውጤት ሲመጣ አብዛኛው ልጅ ከ50 በታች ሆነ። እዚህ ላይ ነው ሥርዓቱ ሊፈርስ የነበረው። ይህን ያህል ልጅ ከደገመ የሚበቃ ክፍል የለም፤ ወረዳው ይጠይቃል፤ ወላጅ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ከመምህራኑ መካከል «ለዘንድሮ አሥር አሥር እንጨምርላቸው» የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ክፋት የለውም፤ ርኅራኄ ነው። ግን ያው ርኅራኄ ነው ያችን አንደኛ የወጣች ልጅ ስልኳን ይዛ እኔ ፊት ያቆማት። ማርኩ እንዳለ እንዲቀመጥ፣ ልጆቹ ግን በአንድ ፈተና እንዳይወድቁ፣ የደከሙበት ክፍል ተለይቶ እንዲያስተካክሉና እንደገና እንዲፈተኑ ተስማማን።

ሌላው ያልጠበቅነው ግኝት ቋንቋው ነው። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ በየጥያቄው ስንት ልጅ የትኛውን ምርጫ እንደመረጠ በተራ ደብተር ላይ እየቆጠርን እንጽፍ ነበር። ብዙ ልጆች አብረው የሚስቱባቸውን ጥያቄዎች ስንሰበስብ የሚያመሳስላቸው ርዕሱ አልነበረም። «ኤክሴፕት»፣ «ሪስፔክቲቭሊ»፣ «አት ሊስት»፣ «ኖት» የሚሉ ቃላት ያለባቸው ናቸው። ልጁ ባዮሎጂውን ያውቃል፤ «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን «የሆነው የቱ ነው?» ብሎ ያነባል፤ የመጀመሪያውን ትክክል የሆነ ነገር ሲያገኝ አጥቁሮ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የሌሎች ትምህርቶችን የጥያቄ ግንድ ብቻ ማስነበብ ጀመሩ። መልስ አይፈለግም፤ «ምንድን ነው የተጠየቅከው?» ብቻ ነው። ካደረግናቸው ነገሮች ሁሉ ወጪ የሌለውና ፈጥኖ ያፈራው ይህ ነው።

የቅዳሜው ማጠናከሪያ ግን ብዙም አልዘለቀም። መምህሩ ለትርፍ ሰዓቱ የሚከፈለው የለም፤ ከሳምንት እስከ ሳምንት አስተምሮ ቅዳሜ ሌላ ሥራ ፈልጎ ነው ቤቱን የሚያኖረው። ይህን «የቁርጠኝነት ማነስ» የሚሉት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ቤተ ሙከራችንም እስከ ዛሬ የተቆለፈ ክፍል ነው። የሁለቱን ሳጥኖች ነገር የማሳየው በሁለት የጠመኔ ካርቶን ነው፤ ለኒውተን ይበቃል፣ ለኬሚስትሪ አይበቃም።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብባቸው?

በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ። በዚያ ዓመት ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር መፈተን ጀመረ። በ2017 ደግሞ 48,929 ተማሪዎች፣ 8.4 በመቶ፣ መስመሩን አልፈዋል። ይህ ደስ ይላል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። የትምህርት ሚኒስቴርንም የሚያስመሰግነው አንድ ነገር አለ፦ በመጀመሪያው ዓመት ያ ሁሉ ጩኸት ሲመጣ መስመሩን አላጠፈም። ከ50 በታች ካመጡት የተሻሉትን በሪሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ ተቀብሎ እንደገና እንዲፈተኑ ማድረጉም ትክክል ነበር። ከእኛም ልጆች ጥቂቶቹ በዚያ በር ገብተዋል።

ነገር ግን ሦስት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ የተፈታኙ ቁጥር ከ896 ሺህ ወደ 674 ሺህ ወርዷል፤ በ2017ም ቀንሷል። መቶኛው ሲወጣ ከፊሉ የሆነው ከላይ ያለው ቁጥር ስላደገ፣ ከፊሉ የታችኛው ስላነሰ ነው። ከታች የጠፉት ልጆች የት ናቸው? በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ልጆች አሉበት፤ ተስፋ ቆርጠው ከ10ኛና ከ11ኛ የቀሩም አሉበት። እነዚህን የማይቆጥር ደስታ ሙሉ አይደለም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ያለፉት ሲጨምሩ፣ አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች እስከ 2016 ድረስ አልቀነሱም። በ2016 ቁጥራቸው 1,363 ነበር፤ ከመጀመሪያው ዓመት በ202 ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የመጣው መሻሻል ቀድሞም ተማሪ ያሳልፉ በነበሩት ትምህርት ቤቶች ላይ የተከማቸ ነው። ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ልጆችን ከየአካባቢው መርጠው ስለሚወስዱ ውጤታቸው ያምራል። እኛ ዘንድ ሊያልፍ ይችል የነበረው ልጅ ደግሞ በ8ኛ ክፍል ተመርጦ ሄዷል። ልጁን እንኳን ወሰዱት እላለሁ። ትምህርት ቤቱን ግን በቀሩት ልጆች ከመፍረዳችን በፊት ይህ ይታሰብ።

ሦስተኛ፣ መስመሩ 50 ላይ ተተክሏል፤ ወረቀቱ ግን በየዓመቱ አዲስ ነው። የዘንድሮው ጥያቄ ከአምናው ቢቀል ወይም ቢከብድ ያው 50 የተለያየ ነገር ይለካል። ፈተና የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን የሚፈቱበት መንገድ አላቸው፤ ከዓመት ዓመት የሚደጋገሙ ጥቂት ምሥጢራዊ ጥያቄዎችን እያስገቡ የሁለቱን ወረቀቶች ክብደት ያስተካክላሉ። ሕዝቡ 3.3ን ከ8.4 ጋር በልበ ሙሉነት እንዲያወዳድር፣ ፈተናዎቹ የተስተካከሉበት መንገድ በግልጽ ቢነገረው እወዳለሁ። የጠበቀ ፈተና እምነት የሚያገኘው በፖሊስና በፍተሻ ብቻ አይደለም።

በ2016 ከእኛ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ አለፈች። አንድ ብቻ። ያኔ 9ኛ ክፍል የነበሩት ገና 12ኛ ስላልደረሱ ውጤቷን የእኛ ለውጥ ያመጣው ነው ማለት አልችልም፤ እሷ ራሷ ያመጣችው ነው። ሆኖም በሰልፍ ላይ ስሟ ሲጠራ የ9ኛ ክፍል ልጆች ያጨበጨቡትን ጭብጨባ ያየ መምህር ለቀጣዩ ዓመት ጉልበት ያገኛል።

የሴሚስተር ሪፖርት

የጋራ ፈተናው ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያው የወላጅ ቀን አንድ አባት ካርድ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ልጃቸው 9ኛ ክፍል ናት።

«መምህር፣ ልጄ 8ኛ ክፍል ሰማንያ አምስት ነበረች። አሁን አርባ ስድስት። ምን ነክቷት ነው? ጓደኛ ነው? ስልክ ነው?»

«ምንም አልነካት፣ አባባ» አልኳቸው። የፈተና ወረቀቷን ከካዝናው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የትኛውን እንዳገኘች፣ የትኛውን በምን ምክንያት እንደሳተች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። እንግሊዝኛውን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሥዕሎቹን ግን በጣታቸው እየተከተሉ ሰሙኝ። አንዱ ላይ ቆም ብለው «ይሄንን ልትደርስበት ነበር አይደል?» አሉ። ልክ ነበሩ። ስሌቱን ጨርሳ መጨረሻ ላይ የተሳሳተውን ነበር የመረጠችው።

ከዚያ ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እንዲህ ከሆነ አርባ ስድስቱን እወስዳለሁ። እስከ ዛሬ ግን ለምን አላሳያችሁንም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን ይዘው መሄድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። የፈተና ወረቀት ከትምህርት ቤት አይወጣም የሚል ልማድ ነበረን፤ ለምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ሰጠኋቸው። በማግስቱ ለርዕሰ መምህሩ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ሴሚስተር ጀምሮ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የታረመ ወረቀት ከካርዱ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል፤ ወላጅ ፈርሞበት ይመለሳል።